ሰሌዳው ከዜሮ በታች 40 ሲያሳይ፦ ስለ ውጭ ሙቀት ሴንሰር የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራ ቶዮታ ራቭ ፎር አለኝ፤ ኤሲው አውቶማቲክ ነው። ካለፈው ክረምት ማብቂያ ጀምሮ በዳሽቦርዱ ላይ የውጭውን አየር ሙቀት የሚያሳየው ቁጥር ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ቆሞ ቀርቷል። በዚያው ሰሞን ኤሲው ማቀዝቀዝ አቆመ። አንድ ጋራዥ ወስጄው ጋዝ ጨመሩልኝ፤ ለውጥ አላየሁም። ሌላ ጋራዥ ደግሞ ኮምፕረሰሩ መለወጥ አለበት አሉኝ፤ የጠየቁኝ ዋጋም ከባድ ነው። ምናልባት ይጠቅማችሁ እንደሆነ፣ ከክረምቱ በፊት የፊት ፓራውልቱ ተጋጭቶ ወርዶ ተጠግኗል። ሁለቱ ችግሮች ይገናኛሉ? ሴንሰሩንስ ራሴ መመርመር እችላለሁ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ኮምፕረሰሩን (የኤሲውን ጋዝ ጨምቆ የሚያዞረውን ፓምፕ) እንዳይለውጡ፣ ተጨማሪ ጋዝም እንዳያስሞሉ እንለምንዎታለን። ሁለቱ ችግሮች አንድ የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው፤ መሆን አለመሆናቸውንም አንድ መልቲሜትር (ቮልትና ኦም የሚለካ መሣሪያ) እና አጭር ሽቦ ያለው ሰው ፓራውልቱን ሳያወርድ ሊያረጋግጥ ይችላል። ስለ ፓራውልቱ መጠገን የነገሩን ነገር ደግሞ ከደብዳቤዎ ሁሉ ዋናው ነው።

ከዜሮ በታች 40 የሚለው ቁጥር የአየር ሙቀት ልኬት እንዳልሆነ አዲስ አበባ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ቁጥሩ በዘፈቀደ የመጣ ግን አይደለም። የቶዮታ የውጭ ሙቀት ማሳያ ሊጽፈው የሚችለው ዝቅተኛው ቁጥር ከዜሮ በታች 40፣ ከፍተኛው ደግሞ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ስለዚህ ማሳያው እታችኛው ጫፍ ላይ ተጣብቆ ሲቀር የኤሲው ኮምፒዩተር የሚለን «ከሴንሰሩ ምንም አይደርሰኝም» ነው። ከአሜሪካ የገባ፣ በፋራናይት የሚያሳይ መኪና ያላችሁ አንባቢዎችም ይኸንኑ ቁጥር ብታዩ አትደናገሩ፤ ከዜሮ በታች 40 ላይ ሁለቱ መለኪያዎች እኩል ናቸው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ከሴንሰሩ አሠራር ይመጣል። የውጭ ሙቀት ሴንሰር ቴርሚስተር የሚባል፣ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው፣ ከጣት ጫፍ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመግታት ባሕርይው፣ ማለትም ሬዚስታንሱ፣ አየሩ ሲሞቅ ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። በቶዮታ የጥገና መጻሕፍት ላይ በሰፊው የሚገኘው ሠንጠረዥ በ10 ዲግሪ ከ3.00 እስከ 3.73 ኪሎ ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ ነው)፣ በ20 ዲግሪ ከ1.95 እስከ 2.30፣ በ25 ዲግሪ ከ1.60 እስከ 1.80፣ በ40 ዲግሪ ከ0.80 እስከ 1.00 ኪሎ ኦም ይላል። ኮምፒዩተሩ የራሱን 5 ቮልት ያህል ኤሌክትሪክ በውስጡ ባለ ሬዚስተር አሳልፎ ወደ ሴንሰሩ ይልክና የቀረውን ቮልቴጅ አንብቦ ወደ ዲግሪ ይለውጠዋል። እንግዲህ ሽቦው ቢበጠስ፣ ሶኬቱ ቢነቀል ወይም ቴርሚስተሩ ውስጡ ቢሰነጠቅ ሬዚስታንሱ ወሰን የለሽ ይሆናል፤ ለኮምፒዩተሩም ወሰን የሌለው ሬዚስታንስ ማለት ወሰን የሌለው ብርድ ማለት ነው።

ከኤሲው ጋር የሚያገናኘውም ይኸው ነው። ውርጭ በሆነ አየር ኮምፕረሰር ማሠራት ለኮምፕረሰሩም ጥሩ አይደለም፣ ኢቫፖሬተሩም (ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) በረዶ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ አምራቾች የውጭው አየር ወደ ዜሮ ሲጠጋ ኮምፒዩተሩ ኮምፕረሰሩን እንዳያስነሣ አድርገው ሠርተዋል። ከዜሮ በታች 40 የሚያነብ ኮምፒዩተር በእኩለ ቀን ፀሐይ ሥር ቆሞ እንኳ «ውርጭ ነው» ብሎ ኮምፕረሰሩን ይከለክላል። ጋዙ ሙሉ፣ ኮምፕረሰሩ ጤነኛ፣ ፊውዙ ደኅና ሆኖ ሳለ ቀዝቃዛ አየር አይወጣም። ሁሉም መኪና እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም፤ ሴንሰሩ ሲጠፋ ሌላ ግምታዊ ቁጥር ተክተው የሚቀጥሉ አሉ፣ ሁለት ሴንሰር ያላቸውም አሉ፤ ለምሳሌ ክላይማትሮኒክ የሚባለው ኤሲ ያላቸው የፎልክስዋገን ጎልፍ 4 መኪኖች አንዱን ከፓራውልቱ አካባቢ፣ ሌላውን ከንጹሕ አየር ማስገቢያው አድርገው ከሁለቱ ዝቅተኛውን ቁጥር ይወስዳሉ። የእርስዎ መኪና የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከዚህ በታች የምንገልጸው ምርመራ ራሱ ይነግርዎታል።

ሴንሰሩ በቶዮታዎች ላይ በአብዛኛው ከኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ካለው የኤሲው ሙቀት ማስወጫ) ፊት ለፊት፣ ከፓራውልቱ ጀርባ ወይም የኮፈኑ መቆለፊያ ባለበት ቋሚ ብረት አካባቢ በትንሽ ክሊፕ ተይዞ ይገኛል። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች፣ በተለይ ብዙዎቹ ፔዦዎች፣ በስፖኪዮው ሥር ያደርጉታል። ኮፈኑን ከፍተው በባትሪ መብራት ወደ ታች ቢያዩ ሁለት ቀጭን ሽቦ የገባበት ትንሽ ሶኬት ያገኛሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ሶኬቱ ተሰክቷል? ፓራውልት ሲወርድ ይህ ሶኬት ይነቀላል፤ ሲመለስ ደግሞ መብራቶቹና ክላክሱ ስለሚሞከሩ ይታወሳሉ፣ ይህ ግን ሲረሳ የሚጮኽ ነገር ስለሌለው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቁጥሩ የቆመው ከጥገናው በኋላ ከሆነ፣ የምንጠረጥረው አንደኛው ይህ ነው፤ ሁለተኛው ሽቦው በፓራውልቱ ብረትና በአካሉ መካከል ተጨፍልቆ መቆረጡ ነው። በርግጥ በደብዳቤዎ ችግሩ የጀመረው በክረምቱ ማብቂያ ነው፤ ይህም ከዝናቡና ከጭቃው፣ ከላቫጆ ኃይለኛ ውኃም ጋር ሊያያዝ ይችላል። በደንብ ያልተቆለፈ ሶኬት ውኃ ያስገባል፤ ውኃ የገባበት የመዳብ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ያወጣና በወራት ውስጥ ግንኙነቱን ያቋርጣል።

ሶኬቱ ተሰክቶ ካገኙት ምርመራው እንዲህ ነው። ቁልፉን ዘግተው ሶኬቱን ይንቀሉና በዓይንዎ ይመልከቱት። ከዚያ ቁልፉን ከፍተው፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ መልቲሜትሩን በቮልት ላይ አድርገው ከመኪናው በሚመጣው ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ይለኩ። 5 ቮልት አካባቢ ካገኙ ሽቦውም ኮምፒዩተሩም ደኅና የመሆናቸው ጥሩ ምልክት ነው። ምንም ካላገኙ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው መሃል ላይ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ያኔ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። 12 ቮልት ካገኙ ግን የያዙት ሌላ ሶኬት ነውና እዚያው ያቁሙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፤ አምፑል ያለው መሞከሪያ አይጠቀሙ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አምጥተው አይንኩ፣ ከሁለቱ ሽቦ አንዱን ከመኪናው አካል (ማሳ) ጋር ለማገናኘትም አይሞክሩ። የሴንሰሩ መመለሻ ሽቦ የሚያልፈው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው፤ ለሴንሰር ታስቦ የተሠራ መስመር የባትሪ ኤሌክትሪክ ከገባበት የሚቃጠለው ከሴንሰሩ ብዙ እጥፍ የሚወደደው የኤሲ ኮምፒዩተር ነው።

5 ቮልት መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ያገናኙ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ሬዚስተር ፍሰቱን ስለሚገድበው ይህን ማድረግ ጉዳት የለውም። ሽቦው ሲገናኝ ሬዚስታንሱ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ ኮምፒዩተሩ እጅግ የበዛ ሙቀት ያነብባል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከታችኛው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ጫፍ ከሄደ ወይም የስሕተት ምልክት ካሳየ መስመሩ በሙሉ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ሴንሰሩ ላይ ብቻ ነው። ቁጥሩ ወዲያው ባይነቃነቅ ቁልፉን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ፤ አንዳንድ መኪኖች የመጨረሻውን ቁጥር ለጊዜው ይዘው ይቆያሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሙከራ ለእርስዎ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣል። ከማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ 1.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይግዙ፤ ዋጋው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሁለቱን እግሮቹን በሶኬቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ቀስ አድርገው ያስገቡና ሞተሩን አስነሥተው ኤሲውን ይክፈቱ። በሠንጠረዡ መሠረት 1.8 ኪሎ ኦም ማለት ወደ 24 ዲግሪ የሚጠጋ አየር ማለት ነው። ስክሪኑ 24 አካባቢ ካሳየና ኮምፕረሰሩ «ጠቅ» ብሎ ከተነሣ፣ መኪናዎ በሴንሰሩ ምክንያት ኮምፕረሰሩን ከሚከለክሉት አንዱ እንደነበረ በዓይንዎ አዩ፤ ኮምፕረሰሩን ሊለውጡ የነበረበት ገንዘብ ኪስዎ ውስጥ ቀረ። ስክሪኑ 24 አሳይቶ ኮምፕረሰሩ ግን ካልተነሣ፣ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች አሉ ማለት ነውና ሴንሰሩን ለብቻው ጠግነው ኤሲውን ከጋዝ ግፊቱ፣ ከግፊት ስዊቹና ከሪሌው ጀምሮ የሚያይ ባለሙያ ይፈልጉ።

በብዙ የቶዮታ አውቶማቲክ ኤሲዎች ላይ ያለ መሣሪያ የሚደረግ ምርመራም አለ። አውቶ የሚለውንና የውስጥ አየር ማዞሪያውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነው እንደያዙ የመኪናውን ቁልፍ ሲከፍቱ የኤሲው ስክሪን ራሱን ይፈትሽና የብልሽት ቁጥር ይጽፋል። 12 የውጭው ሴንሰር ነው፤ 11 የጓዳው (የተሳፋሪዎች መቀመጫ ክፍል)፣ 13 የኢቫፖሬተሩ ነው። ይህን ፀሐይ ባለበት ቦታ ያድርጉት፤ ጥላ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ሴንሰሩ ብርሃን ስለማያገኝ ሳይበላሽ 21 ቁጥርን ያወጣል፣ ሰውንም ያሳስታል። በኮምፒዩተር የሚመረምር ጋራዥ ከሄዱ ደግሞ ይኸው ብልሽት ቢ 1412 ተብሎ ይነበባል። ነገር ግን ኮዱ የሚናገረው ስለ መስመሩ ነው፤ ሴንሰሩ ነው ወይስ ሽቦው የሚለውን የሚለየው ከላይ ያልነው የሽቦ ሙከራ ነው። ኮድ አይቶ ብቻ ዕቃ የሚያስገዛ ባለሙያ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

የተነቀለውን ሴንሰር በቤት ውስጥ መፈተሽ ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። መልቲሜትሩን በኦም ላይ አድርገው ከሁለቱ የሴንሰሩ ጫፎች ጋር ያገናኙት፤ ግራና ቀኙ አይለይም። ምንም ቁጥር ካልሰጠ ተበጥሷል፣ ነገሩ አለቀ። ቁጥር ከሰጠ ግን በእፍኝዎ ይያዙትና ይመልከቱ፤ ጤነኛ ከሆነ ከ2 ኪሎ ኦም አካባቢ ተነሥቶ የእጅዎ ሙቀት እየገባው ሲሄድ ሳይዘልና ሳይቆራረጥ ቀስ እያለ ወደ 1.3 ኪሎ ኦም አቅጣጫ ይወርዳል፤ ሲለቁት ተመልሶ ይወጣል። ቁጥሩ የሚዘል፣ ሽቦው ሲነካ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ውስጡ ተሰንጥቋልና መኪናው ላይ ቢመልሱትም ጉድጓድ በነካ ቁጥር ያስቸግርዎታል። ትክክለኛነቱን ማወቅ ከፈለጉ ለብ ያለ ውኃ በኩባያ ያዘጋጁና የሰው ትኩሳት በሚለካበት ቴርሞሜትር 40 ዲግሪ መሆኑን አይተው፣ የሴንሰሩን ጭንቅላት በስስ ፌስታል ጠቅልለው ይንከሩት፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከ0.80 እስከ 1.00 ኪሎ ኦም መካከል መሆን አለበት። በበረዶ ውኃ ውስጥ ደግሞ ከ3.73 በላይ መውጣት ይኖርበታል። አንዳንዶች በሚፈላ ውኃ ይሞክራሉ፤ አይመከርም። ሴንሰሩ ለዚያን ያህል ሙቀት አልተሠራም፤ ደግሞም አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው ከፍታው ስለሚበዛ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከመጽሐፍ የተወሰደ ቁጥር ጋር ሊመሳከር አይችልም። የበረዶ ውኃ ግን ደብረ ብርሃንም ሆነ ሰመራ ያው ዜሮ ነው።

ግዢውን በተመለከተ፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ሶማሌ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ፣ መልቲሜትርዎን ይዘው ይሂዱ። ሶኬቱ መግጠሙ ብቻ በቂ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ሶኬት ኖሯቸው የተለያየ ሬዚስታንስ ያላቸው ሴንሰሮች አሉና። ቀኑ 22 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ለቶዮታ የሚሆነው ሴንሰር 2 ኪሎ ኦም ገደማ ማሳየት ይገባዋል። 5 ወይም 10 ኪሎ ኦም ካሳየ ዕቃው ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን የሌላ መኪና ነው። ሻጩ ፊት መለካት ነውር የለውም፤ ደኅና ሻጭ ራሱ ለክቶ ይሰጣል።

ሲገጥሙት ክሊፑ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት በመጀመሪያው ቦታው ይመልሱት። ሽቦ ተቆርጦ ከነበረ ጠምዝዞ በናስትሮ መሸፈን ለዚህ ቦታ አይበቃም፤ በሊድ አስበይደው በሙቀት በሚኮማተር ፕላስቲክ ያስሸፍኑት። የሶኬቱን ዝገት ለኤሌክትሪክ ማያያዣ በተሠራ ስፕሬይ እንጂ በቤንዚን አያጥቡ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ወዲያው እውነቱን ባይናገር አይደንግጡ፤ ተንቀሳቅሰው ጥቂት ይንዱ፣ ካልሆነም የሬድዮውን የይለፍ ቁጥር መያዝዎን አረጋግጠው የባትሪውን ኔጌቲቭ ለጥቂት ደቂቃ ነቅለው ይመልሱ። ወደ አዳማ የሚወርዱበት ቀን ካለ ጥሩ መፈተኛ ነው። ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን አየሩ አራት ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ ጤነኛ ሴንሰርም ይህን እየተከታተለ ቁጥሩን ደረጃ በደረጃ ከፍ ያደርጋል።

ስለ ጋዙ አንድ ነገር እንጨምር። ጋዝ የጨመሩልዎ ችግሩ ሌላ ሆኖ ሳለ ከነበረ፣ አሁን በኤሲው ውስጥ ያለው ጋዝ ከሚገባው በላይ ሊሆን ይችላል፤ ትርፍ ጋዝ ደግሞ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ኮምፕረሰሩን ያደክማል፣ ማቀዝቀዙንም ይቀንሳል። መኪናዎ የሚወስደው የጋዝ ዓይነትና መጠን በግራም ተጽፎ ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይገኛል። ሴንሰሩ ከተሠራ በኋላ ጋዙን አውጥቶ መዝኖ የሚሞላ ማሽን ያለው ቦታ ወስደው በዚያው መጠን ያስሞሉት።

ጥያቄ፦ የእኔ ችግር ከሌሎቹ ሳይለይ አይቀርም። የምነዳው እ.ኤ.አ. የ2009 ቶዮታ ኮሮላ ነው። በጋ ላይ መኪናውን አቁሜ ስመለስ ስክሪኑ 108 ፋራናይት ይላል፣ ስልኬ ግን 88 ይለኛል። ክረምት ላይ ደግሞ በተቃራኒው ከእውነተኛው ብዙ ዝቅ ብሎ ያሳያል። አንድ ሴንሰር በሁለት አቅጣጫ ሊሳሳት ይችላል?
አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ሁለቱን ነጣጥለን ማየት አለብን፤ የመጀመሪያው ብልሽት ላይሆን ይችላል። መኪናው ሲቆም የሞተሩና የአስፋልቱ ሙቀት ሴንሰሩን ይከበዋል፤ ሴንሰሩም በትክክል የሚለካው ያንን የታፈነ አየር ነው። የቶዮታ የአሽከርካሪ መመሪያ ራሱ መኪናው ሲቆም ወይም ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ማለትም ከ12 ማይል ገደማ በታች ሲሄድ ቁጥሩ ትክክል ላይሆን እንደሚችል ይገልጻል። ኮምፒዩተሮቹም በዚሁ ምክንያት የሚጨምር ሙቀትን ቶሎ አያምኑም። ስለዚህ ፍርዱን ከሀይዌይ በኋላ ይስጡ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ያለ ማቋረጥ ነድተው ቁጥሩን ጥላ ሥር ከተቀመጠ ቴርሞሜትር ጋር ያስተያዩ። ስልክዎ የሚነግርዎ የአካባቢውን የአየር ጣቢያ ግምት እንጂ እርስዎ ያሉበትን መንገድ አይደለም፤ የአምስትና የስድስት ፋራናይት ልዩነት አያሳስብዎ። ከሀይዌይ በኋላም 108 ካለ ሴንሰሩ ከክሊፑ ወልቆ ወደ ኮንደንሰሩ ተጠግቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ኤሲ ሲሠራ ኮንደንሰሩ በጣም ስለሚሞቅ የተጠጋውን ሁሉ ያሞቃል።

የክረምቱ ግን ይበልጥ ያሳስበናል፤ ስሕተቱ ወደ ብርድ ሲያዘነብል ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ዝገት ነውና። እናንተ ባላችሁበት አካባቢ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ የጨው ውኃ ሶኬቱ ውስጥ ሲገባ የመዳቡን ጫፍ ይበላና በመስመሩ ላይ የማይፈለግ ሬዚስታንስ ይጨምራል። ኮምፒዩተሩ የሚያየው ድምሩን ስለሆነ ብዙ ሬዚስታንስን ሁልጊዜ «ብርድ» ብሎ ይተረጉመዋል። ሥዕሉ ግልጽ እንዲሆን በቁጥር እንየው፤ አየሩ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ጤነኛው ሴንሰር 1.7 ኪሎ ኦም ያህል ነው፤ ዝገቱ 1 ኪሎ ኦም ቢጨምርበት 2.7 ይሆናል፤ ይህም በሠንጠረዡ ላይ የ15 ዲግሪ ንባብ ነው። ከእውነቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 18 ፋራናይት ዝቅ አለ ማለት ነው። ያው ዝገት በ40 ዲግሪ ሐሩር ላይ ቢሆን ስሕተቱ ወደ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሰፋል፤ ሴንሰሩ ሲሞቅ የራሱ ሬዚስታንስ ስለሚያንስ ባዕዱ ሬዚስታንስ ይገንናል። እንግዲህ ዝገቱ በጋውን ሁሉ የቆየ ቢሆን ኖሮ በሀይዌይ ላይ ከእውነቱ ከሁሉ የባሰ ዝቅ ያለ ቁጥር የሚያዩት በበጋ ነበር። በክረምት ብቻ የሚታይ ከሆነ የጨው ውኃው እርጥበት ሲገባ የሚብስ፣ ሲደርቅ የሚሻል ግንኙነት አለ ማለት ነው። ሴንሰሩን ሳይገዙ በፊት ሶኬቱን ነቅለው ይጥረጉ፣ ጫፎቹ ጠበቅ ብለው መያዛቸውን ያረጋግጡ፣ ከዚያም ሴንሰሩን ለብቻው ይለኩት። ለብቻው ትክክል ከሆነ ጥፋቱ ሶኬቱ ነው።

በእናንተ አገር ይህን ቸል ማለት የሌለባችሁ በበረዶ ምክንያት ነው። ብዙ መኪኖች 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 37 ፋራናይት ላይ ሲደርሱ በምልክት ወይም ቁጥሩን ብልጭ ድርግም በማድረግ ያስጠነቅቃሉ፤ አየሩ ገና ከዜሮ በላይ ሳለ የሚያስጠነቅቁት መሬቱ፣ በተለይም ከታች ነፋስ የሚያገኘው ድልድይ፣ ከአየሩ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ከእውነቱ ዝቅ ብሎ የሚያሳይ ሴንሰር በጥቅምትም በኅዳርም እያስጠነቀቀ አሽከርካሪውን ምልክቱን እንዲንቅ ያለማምደዋል፤ እውነተኛው በረዶ በመጣ ቀን ምልክቱን የሚያየው የለም። ከእውነቱ ከፍ የሚል ሴንሰር ደግሞ ጭራሽ አያስጠነቅቅም። የከተማ ነጂ ከሆኑና ማለዳ ወጥተው ወደ ሥራ የሚሄዱ ከሆነ ይህ ከኤሲው ይበልጥ ሊያስጨንቅዎ ይገባል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪሽያኑ ሴንሰሩ ገበያ ላይ የለም ብሎ ሶኬቱን ቆርጦ ሬዚስተር በየደበትና ኤሲው ሠራ። አሁን ስክሪኑ ሁልጊዜ 20 ዲግሪ ይላል። ጉዳት አለው? ቤንዚንስ ያበዛብኛል?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ መኪናዎን አያቃጥለውም። በብዙ መኪኖች ሞተሩ ለራሱ የሚጠቀምበት፣ የሚስበውን አየር የሚለካ ሌላ ሴንሰር ስላለው በነዳጁ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። 20 ዲግሪ ማሳየቱ ደግሞ የተበየደው 2.2 ኪሎ ኦም ሳይሆን እንዳልቀረ ይጠቁማል። ኤሌክትሪሽያኑ ሬዚስተሩን ለመመርመሪያ ቢጠቀምበት ኖሮ እናመሰግነው ነበር፤ ለዘለቄታው አድርጎ መተዉ ግን ትክክል አይደለም።

ኤሲዎ በእጅ የሚስተካከል ከሆነ የሚጎዳዎት የስክሪኑ ቁጥር ብቻ ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩ የነፋሱን ኃይልና የቀዝቃዛና የሙቅ አየሩን ቅልቅል የሚወስነው የውጭውን ሙቀት ከጓዳው ሙቀትና ከፀሐዩ ጋር አነጻጽሮ ነው። ሐዋሳ ላይ 20 ከእውነቱ ብዙ ስለማይርቅ ልዩነቱን ላያስተውሉት ይችላሉ። ወደ አዋሽና ወደ አፋር ሲወርዱ ግን ኮምፒዩተሩ ውጭው ለስላሳ እንደሆነ ስለሚያስብ ማቀዝቀዙን ይቆጥብብዎታል፤ ሌሊት ደጋ ላይ ደግሞ ማሞቅ ሲገባው ይዘገያል፤ ቁልፉን ደጋግመው በእጅዎ ማስተካከል ይኖርብዎታል።

ሴንሰሩ ገበያ ላይ የለም የተባለው ምናልባት በመኪናዎ ስም ሲጠየቅ ሊሆን ይችላል። ተመሳሳይ ሠንጠረዥ ያለው ሴንሰር በአንድ አምራች ብዙ ሞዴሎች ላይ ስለሚገጠም የመኪናውን ስም ትተው በአሮጌው ሴንሰር ላይ የተጻፈውን ቁጥርና በ25 ዲግሪ ሊኖረው የሚገባውን ሬዚስታንስ ይዘው ይጠይቁ። የእርስዎ ሶኬት ስለተቆረጠ ያገለገለ ሴንሰር ሲገዙ ሶኬቱንና ከጀርባው አንድ ስንዝር ያህል ሽቦ አብረው እንዲሰጡዎት ይንገሩ፤ ሻጩ ከተበተነ መኪና ላይ ሲያወጣው እዚያው ካልቆረጠው በኋላ አይገኝም። ሁለቱ ሽቦዎች ግራና ቀኝ ስለማይለዩ የትኛውንም ከየትኛው ጋር መበየድ ይቻላል፤ ብየዳዎቹ ግን ጎን ለጎን ሆነው እንዳይነካኩ አንዱን ከሌላው ሁለት ጣት ያህል አርቆ መቁረጥና እያንዳንዱን ለብቻው መሸፈን ያስፈልጋል።